ናፍቆቴን ያበላኋት አሳማ

ሰዎች ሲሰባሰቡ የድሮ ሥራቸውን ማውራት ይወዳሉ። አንዱ ሾፌር ነበርኩ ይላል፤ ሌላው ወታደር ነበርኩ ይልና ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን ያሳያል። የኔ ተራ ሲደርስ ሁልጊዜ ሽንቴ ይመጣል። ዛሬ ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ይታዘቡኛል ብዬ የምፈራቸው ሰዎችም አብዛኞቹ አልፈዋልና ልናገረውና ይውጣልኝ። አሳማ አርቢ ነበርኩ። የወሎ ልጅ፣ በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁ፣ ሁዳዴን አንድም ቀን ያልገደፍሁ ሰው፣ አሶሳ ቆላ ወርጄ አሥራ ሁለት አሳማ አሳድጌያለሁ። ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ የባሰው ገና ነው።

ስለ ድርቁ አልተርክም። ያየው ያውቀዋል፤ ላላየው ቢነግሩትም አይገባውም። ብቻ ለሠፈራ ከመጠለያው በጫኑን ቀን ሚስቴ ስንዱ የስንዴ ወረፋ ይዛ ነበር። እስክትመጣ ልቆይ ብዬ ብለምን፣ ዱላ የያዘው አስተናባሪ በሚቀጥለው መኪና ትደርስብሃለች ብሎ እንደ ጆንያ ወረወረኝ። የሚቀጥለው መኪና እውነትም ጫናት፤ ያወረዳት ግን ፓዌ ነው። እኔ ከአባይ ወዲህ፣ እሷ ከአባይ ወዲያ ቀረን። ለአሞራ ሩቅ አይደለም። ለሰው ግን አገር ምድሩን ዞሮ መሄድ ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃል። ያለ ወረቀት ከመንደር የወጣ ሰው ከተያዘ ኮብላይ ተብሎ ይታሰራል፤ ካልተያዘ ደግሞ ጫካው ያስቀረዋል። በሕይወት መኖሯን እንኳ ያወቅሁት በስምንተኛው ወር፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ባመጣልኝ ብጣሽ ደብዳቤ ነው።

መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው በመደዳ የተሠሩ ስለሆኑ ሰው የራሱን ቤት ከጎረቤቱ የሚለየው ቆጥሮ ነው፤ ቆጠራ የሚሳሳት ደግሞ የሰው ቤት ገብቶ ይሰደባል። ጠዋት ጠዋት ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ይደበደባል፤ ሁላችንም ዶማ ይዘን ለጋራ እርሻው እንወጣለን። ዙሪያው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ነፋስ በሌለበትም ይንቋቋል፤ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። እኛ ደገኞች ነንና እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም። በተለይ ቀትር ላይ ያ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ወሬውን አቋርጦ ያዳምጣል። ከዚያ ሁሉም ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል።

የመንደሩ ካድሬ ጓድ ታደሰ ይባላል። ባሕር ማዶ ሦስት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ የቆዳ ጃኬትና ስለ አሳማ ብዙ ሐሳብ። ጃኬቱን በዚያ ሁሉ ሙቀት አላወለቀውም፤ ሐሳቡንም እንደዚያው። ስብሰባ ጠርቶ በሬዎቻችን በገንዲ፣ በቆላ ዝንብ በሽታ፣ እያለቁ መሆናቸውን፣ አሳማ ግን ተራማጅ እንስሳ መሆኑን አስረዳን። በሬ በዓመት አንድ ሲወልድ አሳማ አሥራ ሁለት ይወልዳል አለ። ሁሉም ዝም ብሏል፤ እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ "ጓድ፣ በሬ እኮ አይወልድም" አልኩ። እጄን እንኳ ሳላወርድ የአሳማ እርባታው ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ።

በኋላ ቢሮው ጠርቶ አባበለኝ። መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች አሶሳ አጠገብ ካምፕ አላቸው፤ ሥጋውን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። አሳማዎቹን አወፍሬ ለካምፑ ካስረከብኩ ፓዌ ሄጄ ሚስቴን የማመጣበትን የይለፍ ወረቀት በገዛ እጁ እንደሚጽፍልኝ ቃል ገባልኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔ ለስንዱ ስል አሳማ ቀርቶ አዞ አረባ ነበር።

አሳማዎቹ ግልገል ሆነው በመኪና መጡ፤ አመጣጣቸው ከኛ ይሻል ነበር። ገለባ ተነጥፎላቸው፣ በየፌርማታው ውሃ ጠጥተው ነው የመጡት። እነሱን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም በየወሩ ይመላለሳል፤ እኛን የሚያየው ጤና ረዳት ደግሞ በክረምት አንዴ ብቅ ካለ እንመርቀዋለን። በረቱን ከመንደሩ ዳር፣ ቀርከሃው ሥር፣ በዚያው በቀርከሃ አጠርኩት። አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። አንዱ ከሲታ ነው፤ እናቱ ጡት ስታድል የረሳችው ይመስለኛል።

በሌላ ነገር ሁሉ የሚጨቃጨቀው መንደር በአሳማ ጉዳይ አንድ ሆነ። ታቦት በሌለበት መንደር ጸሎት የሚመሩን አዛውንት መሪጌታ ላቀው፣ ከጸሎት ቦታው አርቀው ነፋስ በማይመጣበት በኩል አቆሙኝ። ጎረቤቴ ሁሴን፣ ከአንድ መጠለያ ወጥተን በአንድ መኪና የመጣን፣ ስንዱንም የሚያውቃት ሰው፣ ሰላምታውን ከሩቅ በእጁ ያደርገው ጀመር። ውሃ ስቀዳ ከምንጩ የምቀዳው መጨረሻ ላይ ነው። በሐዘን ቤት ስቀመጥ ግራና ቀኜ ባዶ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ሰፊ ቦታ አግኝቼ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በክረምቱ መግቢያ ነው። አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ፣ ለአሳማዎቹ ውሃ ይዤ ስደርስ አንዲት ሴት በረቱን ስትዞር አየሁ። እግሯ አይታይም፤ ጉሙ እስከ ጉልበቷ ውጧታል። ስለዚህ የምትራመድ ሳይሆን የምትንሳፈፍ ነው የመሰለችኝ። ባልዲውን ጥዬ ለመሮጥ ስዘጋጅ ስታስነጥስ ዘነበች መሆኗን አወቅሁ። ዘነበች በሦስተኛው መደዳ የምትኖር፣ ባሏን ባለፈው ክረምት በወባ የቀበረች ሴት ናት። ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጇን አዝላለች፤ ልጅቷ በንዳድ ትቃጠላለች። ሦስት ጊዜ ዞረች። ከዚያ ከጉያዋ ቁራሽ ቂጣ አውጥታ የልጅቷን ግንባር አሸችበትና በአጥሩ ቀዳዳ አስገባችው። ከሲታው ግልገል መጥቶ ዋጠው።

ገባኝ። ጭዳ ነው። በአገራችን በሽታ ሲጸና ዶሮ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ተዙሮ ይጣል የለ? እዚህ ግን ዶሮ የለም፤ ያሉትን በልተናቸዋል። አሳማን አንሥቶ ራስ ላይ ማዞር ስለማይቻል ታማሚው ራሱ በረቱን ይዞራል ማለት ነው። እንዴት በእርኩስ እንስሳ ታደርጊዋለሽ ብዬ ተቆጣሁ፤ ለራሴ ሥራ እርኩስ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ መለሰችልኝ።

"ጌታ ራሱ አጋንንቱን ወዴት ሰደዳቸው? ወደ እሪያ አይደለም? እኔ ከጌታ ልበልጥ ነው?"

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ባልዲዬን አንሥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ንዳዱ ለቀቃት። ጡት ጠባች፤ ሳቀችም አሉ። በዚያው ቀን ቀትር ላይ፣ ድንጋይ በሚሰነጥቅ ፀሐይ፣ አሳማዎቹ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲጋፉ ከሲታው ብቻውን ፀሐዩ መሐል ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ጠጉሩ ቆሟል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጆንያ አለበስኩት። ላቡ ሲመጣ አወለቅሁለት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ፣ ቸርኬው ለምሳ ሲደበደብ ጠብቆ፣ ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙን ስጠይቀው አሳማ የሰው ወባ አይዘውም ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እሱ ሲሄድ ግን ከሲታውን ተመልክቼ ሳቄን አቆምኩ።

ወሬው በአንድ ሳምንት መንደሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ። ቀን ቀን የሚጸየፈኝ ሰው ሁሉ ማለዳ በረቴን ይዞራል። ሁሴን ከመጠለያው ጀምሮ ደረቱን የሚሰነጥቀውን ሳሉን ይዞ መጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢስሚላሂ ብሎ ዞረ፤ ቂጣውን በእንጨት ጫፍ ሰክቶ ከሩቅ አቀበለ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባት መጣች፤ ሾተላይ ያለባት መጣች፤ ጎረቤቱን ሲያይ ቁጣ የሚያፍነውም መጣ። መሪጌታ ላቀው ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ስደበቅ፣ ካባቸውን ተከናንበው ሦስት ጊዜ ዞሩና ሁለት ዓመት እንቅልፍ እንደራቃቸው አጫወቱኝ። እንቅልፍ ማጣታቸውን ያሹበት ቂጣ ከሌላው ሁሉ ወፈር ይል ነበር።

ነቀፋችሁን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አሳማዎቹ በላተኛ ናቸው፤ ከመጋዘን የሚሰጠኝ ፉርሽካ ለሳምንቱ አጋማሽ አይበቃም። አሁን ግን መንደሩ ከአፉ ቀንሶ በየማለዳው ይመግብልኛል። በሽተኛ በበዛ ቁጥር አሳማዬ ይወፍራል፤ አሳማዬ በወፈረ ቁጥር ስንዱ ትቀርባለች። እንዲያውም አንዳንዱን ፊትህ ገርጥቷል እኮ፣ ለምን ብቅ አትልም እያልኩ መቀስቀስ ጀምሬ ነበር። አፍሬበታለሁ፤ ግን አድርጌዋለሁ።

ያስፈራኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሁሴን መሳል ተወ፤ የሁሴንን ቂጣ የበላው አሳማ ደረቱን እየሰነጠቀ ይስላል። ሳሉ ደግሞ የሁሴን ሳል ነው፤ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚቀጥን። አንድ ቀን በስተጀርባዬ ስሰማው ሁሴን መስሎኝ እንደምን አደርክ ብዬ ዞሬያለሁ። መሪጌታ እንደ ሕፃን መተኛት ጀመሩ፤ የእርሳቸው አሳማ ደግሞ ቀትር ላይ አሥራ አንዱ ተጋድመው ሲያንኮራፉ እሱ ብቻ ዓይኑን ገልጦ ይቆማል። አይበላም፣ አይጮህም፤ ያየኛል። ሽማግሌ ሰው ሲታዘብ የሚያየውን አስተያየት ነው የሚያየኝ። ቀርከሃው ደግሞ ከላይ ይንቋቋል። እኔ ወገቤን አጎንብሼ፣ ይቅርታ መሪጌታ፣ እያልኩ ፋንድያ እጠርጋለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ናፍቆት ይዞኝ ነበር። ተረት አይምሰላችሁ፤ በሽታ ነው። ዶማ አንሥቼ ሳለሁ ስሜን ስትጠራ እሰማና ዶማውን አየር ላይ እረሳዋለሁ። እንጀራ ስቆርስ ለሁለት እከፍልና ግማሹን የሚያነሣው አጣለታለሁ። እህል ጠላሁ። ቀበቶዬን ሦስት ጊዜ አጠበብኩ። ሁሴን በጉልበት ያጎርሰኝ ነበር፤ አብሽር፣ ይሄም ያልፋል ይለኛል። አላለፈም። ታዲያ አንድ ማለዳ፣ ያ ሁሉ ሰው ሸክሙን አራግፎ ሲሄድ እያየሁ፣ የበረቱ ባለቤት እኔ ሆኜ ሳለ የኔን ጓዝ ለምን እኔው እሸከማለሁ አልኩ። ለቀልድ ነው ያደረግሁት። ግማሽ ቀልድ ይሁን። ቂጣዬን ደረቴን፣ እዚህ ጋ፣ አሸሁበትና ሦስት ጊዜ ዞሬ ለትልቋ ሰጠኋት።

ትልቋ ከሁሉ የላቀች ነጭ እንስት አሳማ ናት። እንደሌላው ጊዜ አልዋጠችውም። ከእጄ ላይ ቀስ ብላ ተቀበለች፤ ዓይኔን እያየች አላመጠች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ሄደች።

የዚያን ቀን ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ። ዘፈንኩም አሉ፤ እኔ አላስታውስም። በሳምንቱ ቀበቶዬን አላላሁ። የሥራ ጓዶቼ ሲያዩኝ ምን በልቶ ነው አሉ። ወደፊት ሁሉም ነገር ቀላል መስሎ ታየኝ፤ የቀርከሃው ድምፅ እንኳ አላስፈራ አለኝ።

ትልቋ ግን መብላት ቀነሰች። ቀትር ላይ፣ ከመሪጌታ አሳማ በቀር ሌሎቹ ተጋድመው ሳለ፣ ከበረቱ በስተሰሜን አጥሩ ከፈት ያለበት ቦታ ሄዳ አፍንጫዋን በቀዳዳው አውጥታ ትቆማለች። በዚያ በኩል ምንም የለም። ቁልቁለት ነው፣ ከቁልቁለቱ ማዶ ጫካ፣ ከጫካው ማዶ አባይ። ቀዳዳውን በሌላ ቀርከሃ ዘጋሁት። በማግስቱ ነቅላው ቆማ አገኘኋት። ድንጋይ አስደገፍኩበት፤ ድንጋዩን ገፍታ ቆመች። ያን ሁሉ ጉልበት ይዛ ሰብራ አትወጣም፤ ማየት ብቻ ነው የምትፈልገው።

ከታችኛው የአገሬዎቹ የበርታዎች መንደር ማንጎ እያመጣ የሚሸጥልን አብደላ የሚባል ሽማግሌ ነበረ። እንደ ደንቡ ከበረቴ ርቆ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀትር ግን ቆመ፤ ቅርጫቱን ከራሱ ላይ አውርዶ ትልቋን ረጅም ጊዜ ተመለከታት። ምን እንደሚያይ ጠየቅሁት።

"ይሄ አሳማ ሰው ይጠብቃል" አለኝ። "ወላሂ። እኔ ሱዳን ሄደ ጊዜ፣ የኔ ሚስት እንደዚህ ቆሞ ነበር። ማን ነው የሚጠብቅ እሱ?"

ማንንም አትጠብቅም አልኩት። አንድ ማንጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠላት፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ፤ ከዚያ ቅርጫቱን ተሸክሞ መንገዱን ሄደ። ብቻዬን ስቀር ስንዱን ላስባት ፈለግሁ፣ የስንዱን ፊት ከዓይኔ ፊት ላምጣው አልኩ። አልመጣም። ሻሽ መጣ፣ ከሻሹ ሥር ግን ምንም የለም። አፍንጫዋ ሰልካካ ነው ወይስ ደፍጣጣ? ጥርሷ? አምስት ዓመት በአንድ መደብ አብሬያት የተኛኋት ሴት ናት። ሁሴንን ሄጄ ስንዱ ምን ትመስል ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ቀላ ያለች፣ ቀጠን ያለች አለኝ። ስለማላውቃት ሴት ቢነግረኝም ከዚህ የተለየ ነገር አይሰማኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ደብዳቤዋ ደረሰ። ለሚጽፍላት ሰው እየነገረች ያስጻፈችው ነው። ደጅ ደጁን እያየሁ ዓይኔ ሟሸሸ ትላለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው በስሕተት የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው እንዲህ የሚሰማው ይመስለኛል። አሳዘነችኝ፤ ባሏ ቢሄድላት ጥሩ ነው አልኩ በልቤ። ያን ማለቴን ስሰማ ፈራሁ። ረሃብ እንኳ እንደዚያ አላስፈራኝም።

ናፍቆቴን ለማስመለስ ያላደረግሁት የለም። በረቱን ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ትልቋን በስንዱ አምላክ ብዬ ለመንኳት። አንድ ቀትር፣ ይህን ስነግራችሁ አፌን እየጠረግሁ ነው፣ ከትልቋ ገንዳ የተረፈውን ፉርሽካ በእጄ ዝቄ በላሁ። የመሪጌታ አሳማ ቆሞ ያየኝ ነበር። ከሆድ ቁርጠት በቀር ያገኘሁት የለም።

በመጨረሻ ለራሳቸው ለመሪጌታ ተናዘዝኩ። አልተቆጡም። 

"እሪያዎቹ ባሕር ገብተው ሰጠሙ ይላል መጽሐፉ" አሉ። "አጋንንቱ ግን ሰጠሙ አይልም። ጋኔን ውሃ አይገድለው። ማደሪያው ሲሞትበት ወዴት ይሄዳል ልጄ? ወደሚያውቀው ቤት ነው የሚመለስ።"

ለእኔ መድኃኒት፣ ለመንደሩ መርዶ ተናገሩ። እሳቸው ራሳቸው የተናገሩት የገባቸው እኔ ተደስቼ እጃቸውን ስሜ ከወጣሁ በኋላ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ መንደሩ ሁሉ ሰማ፤ አሳማዎቹ ከታረዱ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ማስረከቢያው ደግሞ የቀረው አንድ ሳምንት ነው።

ለጓድ ታደሰ ማን ይንገረው? መናፍስት ስላሉባቸው አሳማዎቹ አይሸጡ የሚል ሰው መጨረሻው ይታወቃል። ስለዚህ ወደኔ መጡ። ጠዋት ስነሣ ደጄ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ወደ በረቱ ስሄድ በርቀት ይከተሉኛል። ያቺ የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባት ሴት ቀጥ ብላ ቆማ፣ በዚያ በዳነ እግሯ፣ ታየኛለች። መሪጌታ እንቅልፋቸውን የሚሰናበቱ ይመስል በየዛፉ ሥር ይተኛሉ። አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ የደፈረው ሁሴን ብቻ ነው። አንድ ዓመት እንኳ አቆያቸው አለኝ። እንደማላምንበት፣ የበሽታ መመለስ የሚባል ነገር ተረት እንደሆነ ነገርኩት። ታዲያ የአንተው ለምን ይመለሳል ትላለህ ሲለኝ ባልዲዬን አንሥቼ ወደ በረቱ ሄድኩ። ነገሩ ይህ ነው፤ በእነሱ በሽታ አላምንም፣ በራሴ ናፍቆት ግን አምናለሁ። ሰው ለራሱ ሲሆን እምነቱ እንዲህ ይጠናል።

መኪናው በቀጠሮው መጣ። አሳማ ሲጫን አገር ይያዝልኝ ብሎ እንደሚጮህ የሚያውቅ ያውቃል፤ ያን ቀን አንዱም ድምፁን አላሰማም። መንደሩ በሙሉ ዳርና ዳር ቆሟል፤ እሱም ዝም ብሏል። ጓድ ታደሰ ሕዝቡ ለልማት ያለውን ፍቅር አይቶ ልቡ ተነካ። ሳንቃው ሲዘረጋ መጀመሪያ የወጣችው ትልቋ ናት፤ ማንም ሳይነካት ወጥታ ጥግ ላይ ቆመች። ሌሎቹ ተከተሏት። ከሲታው ግልገል ለሥጋ አይሆንም ተብሎ ቀረ፤ ዘነበች ከሰው መሐል ወጥታ፣ ያቺ መስቀል ባንገቷ ያሰረች ሴት፣ አሳማውን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ማንም አልሳቀባትም። ሞተሩ ሲነሣ ከመኪናው ላይ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ሳል ተሰማ። ሁሴን አፉን በእጁ ያዘ።

ጓድ ታደሰ ቃሉን ጠበቀ። የይለፍ ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ በእጄ ሰጠኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ያን ያህል የለፋሁለት ወረቀት ነው፤ እግሬ ግን አልነሣ አለኝ። ፓዌ ደርሼ፣ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ አግኝቼ፣ ከመሐላቸው ማንኛዋ ሚስቴ እንደሆነች ሳላውቅ ስቀር ይታየኛል። እሷ እየሮጠች ስትመጣ፣ እኔ ለእንግዳ እንደማደርገው እጄን ስዘረጋላት ይታየኛል። ያን ልብ ይዤ ከምሄድላት ብቀርባት ይሻላል አልኩ። ፈረንጆቹ መቼ እንደሚያርዱ እየጠበቅሁ ነበር፤ የገዛ ልቤን ለማግኘት።

በአራተኛው ቀን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ማሽላ እያረምኩ ነው። ፀሐይዋ ልትጠና ነው። በመደዳ አጎንብሰናል፤ ሁሴን ከጎኔ ነው። ቀርከሃው ተንቋቋ። ከዚያ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ የስንዱ ጥርስ መጣ። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትንሽ የተነባበሩት፣ ስትስቅ በከንፈሯ ልትደብቃቸው የምትታገለው። ከጥርሷ ቀጥሎ ከንፈሯ፣ ከከንፈሯ ቀጥሎ ጉንጯ፣ ድምጿ፣ ስትቆጣ ስሜን የምትጎትተው ነገር፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደረመሰብኝ። ዶማዬ ወደቀ። ማሽላው ውስጥ ተንበርክኬ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። አመመኝ፤ እንዴት እንዳመመኝ። ተመስገን እያልኩ ነው የማለቅሰው።

ቀና ስል ዶማ የሚያነሣ የለም። መደዳው በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ እኔን ያያል። ለቅሶዬ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ አሳማዎቹ አሶሳ ላይ ታርደዋል።  ያቺ የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባት ሴት ቀስ ብላ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ዳሰሰች። መሪጌታ ፀሐይዋን አዩ፣ እስክትጠልቅ የቀራቸውን የሚለኩ ይመስላል። ሁሴን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቀርከሃው እንኳ ዝም አለ።

ከዚያ ሁሴን ሳለ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ይረግመኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ዶማዬን ከመሬት አነሣልኝና በክንዴ ይዞ አቆመኝ።

"አብሽር" አለኝ። "የኔም መጣ፤ እንግዲህ ምን ይደረግ። አንተ ግን ተነሥና ሂድ። ሳይቀዘቅዝብህ ሂድላት።"

ልብስም አልያዝኩ፣ ስንቅም አልያዝኩ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከማሽላው ወጥቼ እያለቀስኩ መንገድ ጀመርኩ። ዞሬ አላየሁም። የሁሴን ሳል ግን አባይን እስክሻገር ድረስ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር።